ቁልፉ እስኪመጣ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እኛ ከእናትሽ የጉልበት ሕመም በቀር ደህና ነን፤ እሱንም ብርዱ ሲያልፍ ይተወኛል ትላለች። ባለፈው ስትደውዪ መስመሩ እየተቆራረጠ የልብሽን ሳትጨርሺ ቀረሽ። እኔም በስልክ ምክር አይሆንልኝም፤ ወይ እቆጣለሁ፣ ወይ «በርቺ» ብዬ እዘጋለሁ። እንደ ድሮው በወረቀት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

በደንብ ሰምቼሽ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ አለው፤ ግን ተቆልፏል። ዕቃው ከነሳጥኑ እንደታሸገ ነው። የቀድሞው ንብረት ያዥ ሲዛወሩ ርክክብ አልተደረገም፤ አዲሱ ደግሞ «የገቢ ደረሰኝ ሞዴል 19 ያልተቆረጠለትን ዕቃ አላውቅም» ይላሉ። ርእሰ መምህሩ ለወረዳ ጽፈዋል፣ ወረዳው ለዞን። አንቺ ስንት ሌሊት አምሽተሽ ያዘጋጀሽው የተግባር ትምህርት ዕቅድም «ከበላይ አካል ምላሽ ሲገኝ ይታያል» ተብሎ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ልጆቹ አሲድና ቤዝን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል፤ አንዱንም በዓይናቸው አላዩም። ይህን ሁሉ ነግረሽኝ ስታበቂ ድምፅሽን ዝቅ አደረግሽና «እንግዲህ እጠብቃለሁ» አልሽኝ።

ይቺ «እጠብቃለሁ» ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ልጄ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ነገር እየዘነጋሁ ነው። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ላይ ስስለው የኖርኩትን የቢልሃርዝያ ዑደት ግን ሌሊት ብትቀሰቅሺኝም አልስተውም። ስለዚህ ምክሬን ከማውቀው ልጀምርልሽ፤ ከዶክተር አክሊሉ ለማ። «የእንዶዱ ሰው አይደሉ?» ትዪኝ ይሆናል። ናቸው። ግን ሰው ታሪካቸውን ሲያወራ ቶሎ ብሎ ወደ ሽልማቱ ይሮጣል፤ እኔን የሚገርመኝ ወንዝ ዳር የሆነችው ትንሿ ነገር ናት።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1964 ነው። ዶክተር አክሊሉ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው መምጣታቸው ነው። ዓድዋ የሄዱት የቢልሃርዝያን ሥርጭት ሊያጠኑ ነበር። መቼም አንቺም ታስተምሪዋለሽ፤ በሽታው ያለ ቀንድ አውጣ አይኖርም። እንቁላሉ ከሰው ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ሲያገኝ እዚያ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ ይወጣና ሊዋኝ ወይም ልብስ ሊያጥብ ውኃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ የዶክተሩ ሥራ ቀንድ አውጣው የት የት እንዳለ ማየትና መመዝገብ ነበር። መድኃኒት ፈልግ ብሎ የላካቸው የለም።

ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ሳሙናቸው እንዶድ ነው፤ ያ ተወቅጦ አረፋ የሚያወጣው፣ የአያትሽን ጋቢ ያነጣ የነበረው ፍሬ። ዶክተር አክሊሉ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ካለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ፤ ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር አላጋጠማቸውም። ከማጠቢያው በላይ ሕያው ቀንድ አውጣ ለቀሙና ከሴቶቹ አንዷን ከአረፋዋ ጥቂት እንድትጨምርባቸው ለመኗት። ጨመረች። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ፈቃድ የተጠየቀች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም የተጠየቀችው አረፋው የእሷ ስለሆነ ነው። ሌላው ሁሉ፣ የወንዝ ውኃ፣ ቀንድ አውጣ፣ አንድ ዕቃ፣ የተማረ ዓይን፣ ማንንም ደጅ ሳያስጠና እዚያው ነበር። አንድ ሌላ ሰው ቢሆን ያየውን በሪፖርቱ መጨረሻ ጣል ያደርግና «የእንዶድ ጉዳይ ወደፊት በሚመለከተው አካል ቢጠና» ብሎ ይተኛል። በእኛ አገር ስንት ነገር «በሚመለከተው አካል ቢጠና» በምትል ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደተቀበረ እግዜር ይወቀው። የሚመለከተው አካል እኮ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያየው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ስሚኝ፤ ምክሬ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለደፋር ሁሉ የሚመች ይሆንና አንቺንም ያሳስትሻል። በአንድ ዕቃ ውስጥ የሆነው ወንዝ ላይ እንዲሆን የፈለጉ ዕለት የዶክተር አክሊሉ ነገር ተለወጠ። ወንዙን ሰው ይጠጣዋል፣ ከብት ይጠጣዋል፤ እንዶድ ደግሞ ቀንድ አውጣውን ብቻ መርጦ አይገድልም፣ ዓሣውንም ይጨርሳል። ስለዚህ አልቸኮሉም። እ.ኤ.አ. በ1966 በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሁን በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በእንዶድ ሙከራ ተደረገ፤ ከትንንሾቹ ልጆች ግማሾቹን ይይዝ የነበረው በሽታ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ የእርሻ ባለሙያ ደግሞ የአገሩን የእንዶድ ዓይነት ሰብስበው፣ ተክለው፣ አወዳድረው፣ ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ። እሳቸውን ሰው ብዙም አያነሳቸውም፤ እኔ ግን ዘር እየለቀመ የሚያወዳድር ሰው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ደጅ ጥናት ነው። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች «በእኛ መመዘኛ መርዝነቱ ይጠና» አሉ። ገንዘቡ የለም፣ ላቦራቶሪው የለም፣ ዓመቱ ይነጉዳል። ጥያቄው ከፊሉ እውነተኛ ጥንቃቄ ነበር፤ ከፊሉ ደግሞ አፍሪካዊ የሠራውን ያለማመን ነው፤ ዶክተር አክሊሉም ይህንኑ አደባባይ ላይ ተናግረውታል። ቢሆንም ወንዙ ውስጥ ሰርቀው አልጨመሩም፣ ተስፋ ቆርጠውም አልተውትም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ሰዎች አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ ያቺ ሴት አረፋዋን ከሰጠች ሩብ ምዕተ ዓመት ሞልቶ ነበር። (ይህችን ደግሞ ለጨዋታ ያዢልኝ፤ ውጭ አገር ያሉ ኬሚስቶች ከእንዶድ ያወጡትን ገዳይ ንጥረ ነገር በዶክተሩ ስም «ለማቶክሲን» አሉት። ለማ እኮ አባታቸው ናቸው! ልጅ ወንዝ ዳር በዋለበት አባት ዓለም አወቀው። አንቺም እንግዲህ አንድ ነገር ካገኘሽ የምጠራው እኔ ነኝ።)

እኔ ከዚህ የያዝኩት ይህን ነው። ነገሩ ሲበላሽ የሚፈሰው ያንቺው ዕቃ ከሆነ አትጠይቂ፤ ጀምሪ። ሲበላሽ ሌላ ሰው የሚጠጣው ከሆነ ጠይቂ፤ ዓመት ቢፈጅም ጠይቂ። የኛ ሰው ችግር ሁለቱን አገላብጦ መያዙ ነው። ለአንድ ሳህን ሙከራ ሦስት ማኅተም ይጠብቃል፤ ወንዝ ላይ የሚደፋውን ግን፣ ያውም የሰው ወንዝ፣ አንዳንዴ ማንንም ሳያማክር ይደፋል።

ወደ አንቺ ቤተ ሙከራ ልመለስ። ቁልፉን ሰብረሽ እንዳትገቢ። «ለልጆቹ ብዬ ነው» የሚለው ምክንያት አያድንሽም። ዕቃው የመንግሥት ነው፤ በወጪ ደረሰኝ ሞዴል 22 ፈርመሽ ካልወሰድሽው አንዲት ብልቃጥ ብትጎድል በስምሽ ይጻፋል። ከዚህም የሚብሰው፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ ምን ያህል ዓመት እንደተቀመጠ የማይታወቅ አሲድ ይኖራል፤ ቆርኪው ተበልቶ፣ ጽሑፉ ለቆ። እሱ ወንዙ ነው። ለእሱ መጻፍሽን፣ መጠየቅሽን፣ ርእሰ መምህሩን ማስታወስሽን ቀጥዪ። ልጆቹንም «ቀንድ አውጣ እንፈልግ» ብለሽ ወንዝ እንዳትወስጂ፤ አንደኛ ወላጆቻቸው ሳይፈቅዱ አይሆንም፣ ሁለተኛ ወንዙ ውስጥ ምን እንዳለ አሁን አይደል የነገርኩሽ!

ሳህኑ ግን በእጅሽ ነው። እርድ አለሽ። ባለፈው ገና አልጫ ነጠላዬ ላይ ደፍቼ እናትሽ ሳሙና ብታስነካው ቢጫው ቀይ ሆነባትና «ጭራሽ አበላሸሁት» ብላ ስትጮህ ትዝ ይልሻል? ያ ነው ትምህርቱ። እርድ ቤዝ ሲነካው ይቀላል፤ ሳሙና ቤዝ ነው፣ የአመድ ውኃ ቤዝ ነው። ሎሚ ስትጨምቂበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ነጭ ወረቀት በእርድ ነክረሽ አድርቂ፤ በመቀስ እንደ ክር ቆራርጭው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ይድረሰው። እርድ በውኃ ብዙም አይሟሟም፤ ካቲካላ ላይ ግን ልቅም ብሎ ይሟሟል፣ ቀለሙም ደማቅ ይሆናል። ካቲካላውን ግን ቤትሽ ተጠቀሚበትና ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ ሂጂ። መምህርቷ አረቄ ይዛ ክፍል ገባች ከተባለ እኔም አላድንሽም።

ሌላም አለ። ግንበኞች ዘንድ የበረደ ኖራ ለምኚ፤ ውኃ ውስጥ በጥብጠሽ አሳድሪውና ከላይ የጠራውን ቅጂ። በቀሰም ትንፋሽ ሲገባበት ወተት ይመስላል፤ የምናስወጣው አየር ከምናስገባው ሌላ መሆኑን ልጅ በዓይኑ ያያል። እፍ የምትዪው ግን አንቺ ሁኚ፤ ኖራ አፍና ዓይን ያቃጥላል፣ ለልጅ አይሰጥም። የዳቦ እርሾ በለብታ ውኃና በስኳር ጠርሙስ ውስጥ አድርገሽ አፉ ላይ ፊኛ አስሪበት፤ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ፊኛው ቀና ማለት ይጀምራል። እንጀራችን ላይ ያለው ዓይን ከምን እንደመጣ ጠይቂያቸው፤ አትመልሺላቸው፣ እቤታቸው ሄደው እናቶቻቸውን ይጠይቁ። አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ስለ ሊጥ የሚከራከርበት ሳይንስ ከተቆለፈው ሳጥን ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጥብኛል።

ርእሰ መምህሩን ግን አትደብቂያቸው። የምልሽ አታስፈቅጂ ነው እንጂ አታሳውቂ አይደለም። ማመልከቻ ከጻፍሽ ሰውየው መልስ ለመስጠት ይገደዳሉ፤ ለመፍቀድ መመሪያ ያጡና ከወረዳ ይጠይቃሉ፣ ያኔ ሎሚና እርድሽም ፋይል ውስጥ ይገባል። በማስታወሻ አሳውቂያቸው፤ «ከሰኞ ጀምሮ በክፍለ ጊዜዬ ከወጥ ቤት በሚመጡ ነገሮች የአሲድና ቤዝን ትምህርት በተግባር አሳያለሁ፤ ጊዜ ሲያገኙ መጥተው ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል» በዪ። ማስተማር የተቀጠርሽበት ሥራ ነው፤ ለተቀጠርሽበት ሥራ ሁለተኛ ቅጥር አትለምኚ። ቢመጡ የፊቱን ወንበር ስጫቸው። ቢከለክሉሽ ደግሞ ከፊት ለፊት ይከልክሉሽ፤ ያኔ ቢያንስ ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ታውቂያለሽ።

ሰውየውን ግን በልብሽ አትናቂያቸው፤ ይህንን አደራ እልሻለሁ። በእኔና በእሳቸው ዕድሜ ያለን ሰዎች ቀድሞ መራመድ የሚያስጠይቅበት ዘመን አሳልፈናል። በደርግ ጊዜ አንድ መምህር በራሱ አሳብ አንድ ክበብ ቢያቋቁም «ከጀርባው ማን አለ?» ይባል ነበር። ጥያቄው ቀልድ አልነበረም፤ ሰው የሚጠፋበት ጥያቄ ነበር። ያንን ያየ ሰው ደብዳቤ እጁ ላይ ሳይይዝ እግሩን አያነሳም፤ ወረቀቱ ጋሻው ነው። ጎመን በጤና ያለው ትውልድ ሰነፍ ስለነበረ አይደለም። ግን የእኛን ፍርሃት እንደ ጨዋነት ቆጥረሽ እንዳትወርሺው። የእኛ ፍርሃት ምክንያት ነበረው፤ ያንቺ እርድና ሎሚ ማንንም አያሳስርም።

ስለ ሴትነትሽም ያነሳሽው ነገር አለ፤ «ወንድ መምህር ቢጀምረው ተነሳሽነት ይባላል፣ እኔ ብጀምረው ታይታ» ብለሻል። እውነትሽን ነው፤ አይደለም ብዬ አልሸነግልሽም። ብቻ ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስቢ። ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ሳሉ ሳይጠየቁ ተድረው፣ ከዚያ ቤት ጠፍተው አዲስ አበባ የገቡ ሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ተሳልመው ሲመለሱ ወሎ በረሃብ ተይዟል፤ ከሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጸበል ነው። ያቺን ሕፃንና ወላጅ የሞተበት ሌላ ልጅ ይዘው ቤታቸው ገቡ። በዓመቱ ቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ባላቸው ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ቢሏቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ፤ ዘመድ አበደች አለ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ማኅበር ሕጋዊ ወረቀት ያገኘው ልጆቹ በልተው ካደሩ ከዓመታት በኋላ ነው። መጀመሪያ ማኅበር ይቋቋም፣ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ፣ ፈቃድ ይውጣ ቢሉ ኖሮ እነዚያ ሁለት ልጆች እስከዚያ የት ይቆዩ ነበር? ወረቀቱ አስፈላጊ አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ያ ሁሉ ልጅ የሚያድግበት ቤት ያለ ወረቀት አይቆምም። ወረቀቱ ሲመጣ ግን የሚመዘግበው ነገር አገኘ። (ይህን ሳነብላት እናትሽ ከወጥ ቤት «ባሏን ትታ የወጣችውን ለልጄ ምሳሌ ታደርጋለህ?» አለችኝ። እኔም ጻፍኩት፣ እሷም አልሰረዘችውም።)

መታማትሽ አይቀርም። «ለእድገት ብላ ነው»፣ «አበል ሽታ ነው»፣ «ሌላውን መምህር ልታሳጣ ነው» ይባላል። አትመላለሺ። ይልቅ ከሚያሙሽ መካከል ኬሚስትሪ የሚወድ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱን «ይህቺ ወረቀት ለምን እንደደበዘዘች አልገባኝም፣ እስቲ እይልኝ» በይው። ሰው ምክር ከተጠየቀ ሐሜቱን ይተዋል፤ ሁሉም ባይተው አንዱ ይተዋል። ነገሩ ከተሳካ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ በዓመቱ መጨረሻ የሌላ ሰው ስም ያለበት ባነር ተሰቅሎ ታዪ ይሆናል። ይናደዱበታል፤ አንድ ምሽት ብቻ። ከዚያ በኋላ ባነሩ የተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ያሉት ልጆች የማን ተማሪዎች እንደሆኑ እነሱም አንቺም ታውቃላችሁ።

ሳይሳካ ቢቀርስ? ይሆናል። የገበያ እርድ ዱቄት እየተቀላቀለበት ነው፤ ወረቀትሽ ሊደበዝዝ ይችላል። የአመድ ውኃውም ሳይጠራ ከቸኮልሽ ጭቃ ያደርግብሻል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳቅ በሳቅ ሆኖ ሊያልቅ ይችላል። ለልጆቹ «አልሠራም፤ ለምን ይመስላችኋል?» ማለት ከቻልሽ ያቺ ክፍለ ጊዜ አልባከነችም፤ ዓድዋ ወንዝ ዳርም የሆነው ከዚህ የተለየ አልነበረም፣ አንድ ሰው ባየው ነገር ላይ ለምን አለ።

እናትሽ እዚህ ያስፈጨነውን ንጹሑን እርድ በብልቃጥ አድርጋ ቅዳሜ በሚመጣው አውቶቡስ ትልክልሻለች፤ ከሹፌሩ ረዳት ተቀበዪ። በዚያውም ጥቂት የእንዶድ ፍሬ አስቀምጣልሻለች፤ ለልብስሽ ነው፣ ክፍል ውስጥ አረፋውን ብታሳዪበትም አልቃወምም፤ ብቻ ማንም እንዳይቀምሰው። ካቲካላውን ከአጎትሽ የምትወስጂ ከሆነ ለምን እንደሆነ ንገሪው፤ አለዚያ ለሁላችንም ወሬ ይሆናል። ሰኞ ማታ ያልሠራውን አስቀድመሽ፣ የሠራውን አስከትለሽ ጻፊልኝ።

እግዚአብሔር ይከተልሽ።

አባትሽ
ደብረ ማርቆስ